ታዛዥ ነበረች ብለው አይጻፉልኝ

እርጥብ ኮንክሪት ሽታ አለው ስል ሰዎች ይስቁብኛል። ሽታ ሲባል ለሰው ሁሉ የሚታየው ሽቶ ወይም ወጥ ነው። ይሳቁ። ባለፈው ጸደይ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ያ ተጀምሮ የማያልቀው የባቡር መንገድ ሥራ ካለበት አጥር ማዶ፣ ዝናብ የነካው ኖራ፣ የታጠበ ጠጠርና ትንሽ ብረት ብረት የሚል ነገር አንድ ላይ የተቦካበት ሽታ በነፋስ መጣና ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሸቶኝ አያውቅም ብል እዋሻለሁ፤ እዚህ አገር ኮንክሪት የማይቦካበት ቀን የለም። የዚያን ዕለት ልዩ ያደረገው ሰውየው ነው።

ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው መሬት ላይ ተንበርክኳል። ፊት ለፊቱ ላይና ታቹ ክፍት የሆነ፣ ከሥሩ ሰፋ ከአናቱ ጠበብ ያለ ባልዲ የሚመስል ቆርቆሮ አቁሟል። እዚያ ውስጥ ትኩስ ኮንክሪት በሦስት ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ ሃያ አምስት ጊዜ ይወጋል፤ ከዚያ ቆርቆሮው ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ይነሳና ክምሩ ምን ያህል እንደተደረመሰ በማስመሪያ ይለካል። ውሃ በዝቶበት እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሃያ አምስት ጊዜ ነው። ሃያ አራትም አይደለም፣ ሃያ ስድስትም አይደለም። ሰውየው የመጀመሪያውን ዙር አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ወጋው። ሁለተኛውን አሥራ ሰባት። ሳላስበው ከንፈሬ ይቆጥር ነበር።

«ሃያ አምስት ነው» አልኩት በእንግሊዝኛ፣ ወደ ሽቦው ተጠግቼ።

«ማም፣ አር ዩ ኦኬ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ቁጥርህ ነው።»

ሳቀ። አውቶቡሴም መጣ። ቦርሳዬ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አጥፌ ይዤው የምዞር ወረቀት ነበር። እዚሁ አካባቢ ያለ አንድ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ ያረጀ ኮንክሪት እንዴት እንደሚሰነጠቅ የሚያጠና የዶክትሬት ተመራማሪ ይፈልጋል፤ አራት ዓመት ነው፤ ደመወዝ አለው፤ የሚቀጠረው ሰው ተማሪም ሠራተኛም ይሆናል ይላል። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ማስተርሴን ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘጠኝ ቀን የፈራሁትን በአንድ ፌርማታ ጨረስኩት። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ወግቶ የሚስቅ ሰው ሥራ ካለው፣ እኔ ለምን አይኖረኝም?

እንዲህ የመቁጠር አመል የያዘኝ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ሬዲዮው ከዜናው ማርሹ የሚበዛበት ጊዜ ነበር። ከለገሃር ወደ ታች ስትወርዱ፣ ባዶ ካሴትና የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ጽፋችሁ የምትሰጡት፣ በሳምንቱ ሞልቶ የሚመልስላችሁ ሱቅ ነበር፤ ባለሱቁ የማይወደውን ዘፈን ከጻፋችሁ ዘሎት ያልፍና በቦታው የራሱን ምርጫ ይሞላላችኋል። ከሱ ቀጥሎ ፓስቲ ቤት። ፓስቲና ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፤ ስኳር ከቀበሌ ካልመጣ ግን ሻዩ በከረሜላ ነው፣ ከረሜላውን ጉንጭ ውስጥ ይዞ መጠጣት ነው። ከዚያ አልፎ በቆርቆሮ አጥር የተከበበ፣ የመንገድና የሕንፃ ዕቃ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ወጥቼ፣ በቀን ሠራተኛነት ናሙና አጣቢ ሆኜ የተቀጠርኩት እዚያ ነበር።

ናሙና አጣቢ ማለት እንዲህ ነው። ከየአገሩ አፈር በማዳበሪያ ጆንያ ይመጣል፤ አንገቱ ላይ ከየት መንገድ፣ ከስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደተቆፈረ የሚናገር ካርቶን ይንጠለጠላል። አፈሩን በስስ ወንፊት ላይ አድርጌ፣ ከሥር የሚወርደው ውሃ ጥርት እስኪል አጥባለሁ። የወለጋው ቀይ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የጥቁር አፈር ነገር አይነሳ፤ ጣት ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ አብሮ ይገባል። አገሬን ዞሬ አላየኋትም፤ በወንፊት ነው የማውቃት። የምለብሰው አንድ የቴትሮን ቀሚስ ነበረኝ፤ እሱን ከጋውኑ ሥር አድርጌ፣ የኮንጎ ጫማዬ ውስጥ ውሃ እየተንቦጫረቀ፣ አፍሮዬን በሻሽ አስሬ ነበር የምሠራው። በቀይና ቢጫው አውቶቡስ ቆሜ ስሄድ ሰው ጭቃ እንዳልነካው ይሸሸኝ ነበር። ግድም አልነበረኝ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ሽፈራው ይባላሉ። ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ቢሆናቸው ነው። ቦላሌ ሱሪ ይለብሳሉ፤ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ውስጥ ሳይሆን ፀጉራቸው ውስጥ ነው የሚሰኩት፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አንድ ቀን ዘንግ የሚወጋው ሠራተኛ ቀረና «ነይ አንቺ፣ ቁጠሪ» አሉኝ። ቆጠርኩ። በማግስቱም ቆጠርኩ። ዘንጉን የያዘው ሰው ሃያ ሦስት ላይ ሊያቆም ሲል «ሁለት ይቀራል» እለዋለሁ። ስሜ ጥሩወርቅ መሆኑ ተረሳና ግቢው ሁሉ «ሃያ አምስት» ይለኝ ጀመር። «ሃያ አምስት መጣች፣ አትንካ!» ይባባላሉ። በዓመቱ መዝገብ እንድጽፍ ተፈቀደልኝ። አቶ ሽፈራው መዝገቡን ሲሰጡኝ የተናገሩት ቃል እስከዛሬ በጆሮዬ አለ። «ያየሽውን ጻፊ። ያሰብሽውን አትጻፊ። የምትመኚውንማ ጭራሽ።» ከዚያ ወዲህ ብዙ መምህራን አግኝቻለሁ፤ ስለ ምርምር ከዚህ የተሻለ የነገረኝ የለም።

በሁለተኛው ዓመት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ባሕር ማዶ ያለ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የላቦራቶሪ ሠራተኞችን ተቀብሎ ሊያሠለጥን ነው። ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ፣ ሁለት ዓመት የሠራ፣ አለቃው የመሰከረለት ይላል። ሰው ሰሌዳው ሥር ተጋፍቶ፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው «ድገመው» እያለ። የኔን ስም አቶ ሽፈራው ራሳቸው ሁለተኛ አድርገው ጻፉት። ያን ሳምንት እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ መንገዱ ራሱ የሚወስደኝ ይመስለኝ ነበር። የሱፍ ሹራብ መግዛት አለብኝ እያልኩ በየመስኮቱ አይ ነበር።

ከዚያ፣ አዲስ ከሚሠራ አንድ ትምህርት ቤት የኮንክሪት ኪዩቦች መጡ። አንድ ምሰሶ ሲሞላ ከዚያው ኮንክሪት ላይ ተወስዶ በኪዩብ ቅርጽ ይሞላል፤ ሃያ ስምንት ቀን ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ማሽን ውስጥ ገብቶ እስኪሰበር ይጨመቃል። የማሽኑ መርፌ ሃምሳ ስድስት ቶን ካላለፈች ምሰሶው አይረባም። የመጀመሪያው ኪዩብ አርባ አንድ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛው አርባ ሦስት። ሦስተኛው አርባ። በዓል ደርሶ ነበር፤ ትምህርት ቤቱን የሚመርቁ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ ተብሏል። አቶ ሽፈራው በሩን ዘጉ።

«ሃምሳ ሰባት ብለሽ ጻፊ።»

«መርፌዋ አርባ አንድ ላይ ነው የቆመችው።»

«አይቻለሁ።»

«ያየሽውን ጻፊ ብለውኛል እኮ።»

«ያኔ ያልኩሽን ብዬሻለሁ። አሁን የምልሽን ጻፊ።» ድምፃቸው በጣም ቀንሶ ነበር።

አርባ አንድ ብዬ በቀለም ጻፍኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው። አርባ ሦስት። አርባ። የመዝገቡ ገጽ በቁጥር የታተመ ስለነበር መቅደድ አይቻልም። መዝገቡን ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ። በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ ስሜ በቀይ ተሰርዞ ነበር። በግል ማኅደሬም ላይ «የታዛዥነት ጉድለት አለባት» የሚል ገባ። ወደ እጥበቱ ተመለስኩ። ከጥቂት ወር በኋላ አቶ ሽፈራው ባሕር ማዶ ሄዱ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አጥቤ፣ ተሰናብቼ ወጣሁ። ስለ ትምህርት ቤቱ አልጠየቅሁም። መልሱን ፈራሁት።

የቀረውን አሳጥረዋለሁ። ለባለቤቴ ዲቪ ወጣለት፤ ነፍሱን ይማረውና፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ላይ መጣን። ክሪስታል ሲቲ ምድር ቤት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ተቀምጬ አሥራ አንድ ዓመት ቲኬት ቆረጥኩ። ሰው የሚያዝንልኝ ይመስለዋል። እኔ ግን እዚያ ሳጥን ውስጥ አልጀብራ ጨረስኩ። ጣሪያው ላይ ደግሞ ስንጥቆች ነበሩ፤ ውሃ እየሰረገ ነጭ የጨው ጢም የሚያወጣባቸው። ሥራ ስጨርስ የየስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አደርግና ቀኑን እጽፋለሁ፤ በወሩ ምን ያህል እንደሄደ እለካለሁ፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እመዘግባለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሃይስኩል በሠላሳ ስምንት፣ ኮሌጅ ከአርባ በኋላ፣ ዲግሪ በሃምሳ ሦስት። ስንጥቆቹን የመዘገብኩባቸው አራት ደብተሮች ናቸው ማስተርሴን ያሠሩኝ።

ለዶክትሬቱ ሥራ ማመልከቻዬን ስጽፍ፣ ልጄ ሜሮን ከሀያትስቪል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እዚህ የተወለደች ናት፤ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ስትቆጣብኝ ብቻ አማርኛ ይመጣላታል።

«ማሚ፣ ፓርኪንጉን አውጪው። አጣቢ የሚለውንም አውጪው።»

«ለምን?»

«ፕሮፌሽናል አይደለማ! ሠላሳ ዓመት ጋፕ እንዳለሽ ያሳያል።»

«ጋፕ የለኝም። ስንጥቅ ስለካ ነበር።»

«እሺ፣ ስንጥቁን ላየው።» ከማመልከቻው ጋር ያያዝኩትን ሰንጠረዥ ታች ላይ አለችና በሳቅ ፈረሰች። «ማሚ! ስንጥቁ ሕንፃውን በዕድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠዋል!»

አፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀኑን የጻፍኩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር፤ ጫፎቹ ላይ መስከረምና ጥቅምት ብዬ። ማስተርሴን ስሠራ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሼው ነበር፤ አሁን ግን ከጥንቱ ደብተር በቀጥታ ስገለብጥ ረሳሁት። ቁጥር ላይ ሰው የምገሥጽ ሴትዮ! ሁለት ቀን ፈጅቼ እያንዳንዱን ቀን ዳግመኛ መለስኩ። ፓርኪንጉን ግን አላወጣሁትም። አጣቢነቱንም አንደኛ መስመር ላይ አስቀመጥኩት።

የቀረኝ ሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ሁለቱን መምህሮቼ ጽፈውልኛል። ሦስተኛው ግን ላቦራቶሪ ውስጥ አለቃዬ ከነበረ ሰው መምጣት አለበት፤ እሱ ካልገባ ማመልከቻው አይታይም። ቀነ ገደቡ ዓርብ ሊሞላ አሥር ቀን ቀርቶታል። አርባ ዓመት ያለፈው አለቃ ከየት ይገኛል?

ከለቅሶ ቤት ተገኘ። በዚያው ቅዳሜ ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርሃኔ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ለቅሶ እንድረስ ብላ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ለቅሶው አራተኛ ቀኑ ስለነበር ወሬና ሳቅ ተጀምሯል። ብርሃኔ ደግሞ ሆዷ ነገር አይቋጥርም።

«ሰምታችኋል? ጥሩዬ ፒኤችዲ አፕላይ ልታደርግ ነው!»

«በስልሳ ሁለት ዓመት አፕላይ የሚደረገው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው» አለች አንዷ።

«ተዪያት፣ ዶክተር ስትሆን ጉልበቴን ታይልኛለች።»

«እሱ ሌላ ዶክተር ነው» አልኳት። «እኔ የማየው የሕንፃ ጉልበት ነው።»

«የሰው ጉልበት ካላየሽ ታዲያ ምን ይሠራልናል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነት ለመናገር ግን ጆሮዬ ግሎ ነበር። ሳቁ ጋብ ሲል ከወንዶቹ ወገን፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው የተቀመጡ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ተመለከቱኝ።

«ሃያ አምስት?» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ያን ስም የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር አልነበረም። ፀጉራቸው የለም፤ የአቶ ሽፈራው ድምፅ ግን ያው ነው። እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል ከመጡ፤ ሳባ የምትባል ልጃቸው ጋ እዚያው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ምን እንደምፈልግ ስነግራቸው ደስ አላቸው።

«ደብዳቤ? ምን ችግር አለው! አሳምሬ እጽፍልሻለሁ፤ ሳባ ትተረጉመዋለች።»

በማግስቱ ሳባ ረቂቁን በስልክ ላከችልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሥራ ዘመኗ ታዛዥ፣ ትሑት፣ ድምጿ የማይሰማና የታዘዘችውን ያለ ማንገራገር የምትፈጽም ጨዋ ሠራተኛ እንደነበረች እመሰክራለሁ።» ለኛ አገር መሥሪያ ቤት ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ስንት ሰው በዚህ ቃል እንጀራ በልቷል። ሜሮን እንግሊዝኛውን አነበበችና «ማሚ፣ ይሄ ሰው አንቺን ነው ወይስ ውሻ አዶፕት እያስደረገ ነው?» አለችኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን እንግሊዝኛው አልነበረም። ከአርባ ዓመት በፊት ስሜን የሰረዘው ቃልና አሁን ሥራ የሚያስገኝልኝ ቃል አንድ ነው፤ ሁለቱንም የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ውሸት ነው። ብርሃኔን ብጠይቃት «ዝም ብለሽ ላኪው፣ ማን ያውቃል?» ነበር የምትለኝ። ሰኞ ከቀትር በፊት ሁለት አውቶቡስና ባቡር ይዤ አሌክሳንድሪያ ወረድኩ።

ሳባ ከፈተችልኝ። ጋሽ ሽፈራው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። እንደ ልማዱ ብሉ ጠጡ ከተባለ በኋላ ወረቀቱን አወጣሁ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ታዛዥ ነበረች ብለው አይጻፉልኝ።»

«ምን አጠፋሁ? አሞገስኩሽ እንጂ!»

«አልታዘዝኩም እኮ።»

ምርኩዛቸውን ወዲያና ወዲህ አሽከረከሩ። «የድሮ ነገር ነው ጥሩወርቅ። ልጅ ነበርሽ።»

«ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ሥራዬን አውቅ ነበር። ማኅደሬ ላይ የታዛዥነት ጉድለት አለባት ብለው ጽፈዋል። ያኛው እውነት ነው፤ እሱን ይጻፉልኝ።»

«አብደሻል? ማን ይቀጥርሻል?»

«ካልቀጠሩኝ አይቅጠሩኝ። ያላየሁትን ላለመጻፍ ነው ያኔ የቀረሁት። ባልነበረ ታዛዥነት አሁን ብገባ፣ ያን ጊዜ ለምን ቀረሁ?»

«አባባ፣ ስለምንድነው የምታወሩት?» አለች ሳባ ከወጥ ቤቱ በር።

ጋሽ ሽፈራው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከታች አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ።

«ሂጂ» አሉኝ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው እንደዚያን ጊዜ ዝቅ ብሎ። «ዓርብ መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ከሰዓት በኋላ፣ በዚህ አገር ቆጠራ አምስት ሰዓት።»

እዚህ አገር የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይልካል፤ አመልካች አያየውም። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ገጹን እየከፈትኩ አየሁ። ሁለት ደብዳቤ ደርሷል፣ አንድ ይቀራል። እኩለ ቀን፤ አንድ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት፤ አንድ ይቀራል። ስልክ አልደወልኩም። ልመና አልፈለግሁም። ለአምስት አሥር ጉዳይ ሲሆን ደብዳቤው ሦስት ሆነ። ምን እንደጻፉ አላውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ሦስት ሰዎች ናቸው። አሜሪካኖች ሥራ ሲቀጥሩ ዕድሜ እንዳይጠይቁ ሕግ ይከለክላቸዋል፤ ሐበሻን የሚከለክል ሕግ ስለሌለ ሁሉንም ቀድሜ ለቅሶ ቤት መልሼዋለሁ። ስለ ስንጥቁ ጠየቁኝ፤ ስለ ጨዉ፤ በእርሳስ ለምን እንደጻፍኩ። «ጣሪያው የኔ አልነበረም፤ በቀለም መጻፍ አይገባኝም» አልኩ። ከዚያ መሃል ላይ የተቀመጠችው ፕሮፌሰር መነጽሯን አውልቃ አንድ ወረቀት አነሳች።

«ብዙውን ጊዜ ደብዳቤ ለአመልካች አናነብም» አለች። «ይህን የጻፉት ሰው ግን እንድናነብልሽ ጠይቀዋል።»

የሰማሁትን ወደ አማርኛው ልመልሰው። «ይህች ሴት ታዛዥ አልነበረችም። ሐሰተኛ ቁጥር እንድትጽፍ አዘዝኳት፤ አልጻፈችም። ገጹ ሊቀደድ ስለማይችል፣ ቁጥሩን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ምሰሶዎቹ ፈርሰው እንደገና ተሠሩ። ጉድለቱን ያገኘሁት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ፤ የእሷን ስም አልጠራሁም። በዚያ ጥንቃቄዬ ተመስግኜ ለትምህርት ወደ ውጭ ተላክሁ። ስሟን ከዝርዝሩ የሰረዝኩት በእጄ ነው። ሐሰት ሳዝ ያየችኝን ሰው ወደ ፊት ማሳለፍ አልቻልኩም። እናንተ ከቻላችሁ ቅጠሯት።»

እኔ እንባዬ ሩቅ ነው። የዚያን ቀን ግን ያስቸገረኝ ስሜ መሰረዙ አይደለም፤ ምሰሶዎቹ መፍረሳቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የክረምት ዝናብ በወረደ ቁጥር የዚያ ትምህርት ቤት ጣሪያ ልጆች ላይ ሲደረመስ ይታየኝ ነበር።

«ቁጥሩን ታስታውሺዋለሽ?» አለች ፕሮፌሰሯ። ነገርኳት። ወረቀቷ ላይ ጻፈች። በትክክል ጻፈችው እንደሆነ አንገቴን ሰግጌ አየሁ።

ሥራው ተሰጠኝ። ነሐሴ ላይ ጀመርኩ። ከኔ ጋር የገቡት ሁለቱ ተመራማሪዎች ከሜሮን ያንሳሉ፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን ያዘዘን የኪዩብ ቅርጾች እንድናጥብ ነበር። ሁለቱ ልጆች ተያዩ። እኔ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ቅርጽ እጠቢ ስባል አጥባለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የማውቀው ሥራ የለም። ዘንግ ሲወጉ ግን አጠገባቸው ቆሜ እቆጥራለሁ። አንደኛው «ወይዘሮ፣ ሃያም እኮ ያው ነው» ብሎኝ ነበር፤ ደግሞ አይለኝም።

ባለፈው እሑድ ሜሮን በመኪናዋ አሌክሳንድሪያ ወሰደችኝ። ጋሽ ሽፈራው እዚያው መስኮት አጠገብ ነበሩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም ወሬ አናውቅም።

«ደመወዝ አለው?» አሉኝ።

«አለው።»

«ደብዳቤዬን አነበቡልሽ?»

«አነበቡልኝ።»

«ምን አሉ?»

«ቁጥሩን ጠየቁኝ።»

ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። መንገዱን እያዩ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣

«አርባ አንድ» አሉ።

ጠበቅኋቸው።

«አርባ ሦስት» አሉ። «አርባ።»